ቅርፊቱ ተልጦ የማይደርቅ ዛፍ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ጥያቄዎች ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከቃሉ ወረዳ በተለያየ ጊዜ የደረሱን ናቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም ስለ ቡሽ ዛፍና ዛፍን ከእርሻና ከከብት ጋር አጣምሮ ስለ መያዝ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል። ስለ ውጭ አገር ስንጽፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአናጺነት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ አገር ያስመጣውን የቡሽ የወለል ንጣፍ እንዳነጥፍለት ሰጥቶኝ ነበር። ዕቃው ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ መሆኑንና ዛፉም ሳይቆረጥ በየጊዜው እየተላጠ ብዙ ዘመን እንደሚኖር ነገረኝ። እኔ ገጠር ያደግሁ ሰው በመሆኔ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቆሞ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ደንበኛዬ የነገረኝ እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ዛፉ እንዴት ሊተርፍ ቻለ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ደንበኛዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ እርስዎ የሚያውቁትም እውነት ነው። በእኛ አገር አንድን ዛፍ ቆሞ እንዲደርቅ የፈለገ ሰው ግንዱን ዙሪያውን ልጦ ይተወዋል፤ ዛፉም ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርድበት መንገድ ስለሚቋረጥበት ቀስ በቀስ ይሞታል። ይህ መንገድ የሚገኘው ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ባለው እርጥብ የውስጥ ቅርፊት ላይ ነው። የቡሽ ዛፍ ከሌሎች ዛፎች የሚለየው ከዚህ ሕያው ቅርፊት ውጭ በእጅጉ የወፈረ፣ ሕይወት የሌላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት የተደራረቡበት ሌላ ልብስ ያለው በመሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ቡሽ የሚያመነጭ አንድ ስስ ንብርብር አለ። ላጩ ባለሙያ መጥረቢያውን የሚያሳርፈው የውጭውን ልብስ ብቻ ለመክፈት ነው። ውስጠኛው ቅርፊት ሳይቆስል ከቀረ ዛፉ መመገቡን አያቋርጥም፤ የተገለጠው ግንድም በመጀመሪያ ቢጫማ፣ ቆይቶም ቀይ ቡናማ መልክ እየያዘ አዲስ ቡሽ መልበስ ይጀምራል። መጥረቢያው አልፎ ውስጡን ከነካው ግን በዚያ ቦታ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል።

ከዚህ የተነሣ ቡሽ መላጥ በፖርቱጋልና በስፔን ገጠሮች ከፍተኛ ክብር ያለው ሙያ ነው። እስከ ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በእጅና በመጥረቢያ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱን ዛፍ ይይዛሉ፤ በግብርና ሥራ ላይ ከተሠማሩት የቀን ሠራተኞችም ከፍ ያለ ክፍያ ከሚያገኙት ወገን ናቸው። ሥራው የሚከናወነው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ስሱ ንብርብር በዕድገት ላይ ስለሚሆን ቡሹ ከግንዱ በቀላሉ ይላቀቃል። የሚላጠው ከፍታ እንኳ እንደ ግንዱ ዙሪያ ስፋት በሕግ ተመጥኗል።

አሁን ለጥያቄዎ ዋና ነጥብ ወደሆነው ወደ ጊዜው እንለፍ። በፖርቱጋል ሕግ መሠረት አንድ የቡሽ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው የግንዱ ዙሪያ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ 70 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሲሆን፣ ዛፉ ለዚህ መጠን የሚበቃው በአብዛኛው በ25 ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 9 ዓመት ሳይሞላው ዳግመኛ መላጥ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ቡሽ ሸካራና የተሰነጣጠቀ በመሆኑ፣ ሁለተኛውም ገና ስለማይስተካከል፣ ሁለቱም ተፈጭተው እንደ እርስዎ ዓይነት የወለል ንጣፍ፣ የግድግዳ ሙቀትና ድምፅ ማገጃ፣ እንዲሁም የጫማ ሶል ይሆናሉ። ለወይን ጠጅ ጠርሙስ ውታፍ የሚሆነው ለስላሳ ቡሽ የሚገኘው ከሦስተኛው ልጠት ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ዛፉ 43 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዛፉን የተከለው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ቡሽ ለማየት አይታደልም፤ የሚለቅሙት ልጆቹ ናቸው። ሠራተኞቹም የተላጠበት ዓመት እንዳይረሳ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ በነጭ ቀለም ግንዱ ላይ ይጽፉበታል።

ዛፉ 200 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። በፖርቱጋል አጓስ ደ ሞውራ በተባለች መንደር የሚገኘውና የወፎች ዝማሬ ስለማይለየው «ፉጨተኛው» የሚል ስም የወጣለት የቡሽ ዛፍ የተተከለው በ1783 ነው። በ1991 ሲላጥ 1,200 ኪሎ ግራም ቡሽ የሰጠ ሲሆን፣ ይህም ከ100,000 የሚበልጡ የጠርሙስ ውታፎች ወጥተውበታል። በ2018 ደግሞ የአውሮፓ የዓመቱ ዛፍ ተብሎ ተመርጧል።

ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቡሽ 40 ሚሊዮን የሚሆኑ አየር የሞላባቸው ሕዋሳት አሉት። ቡሽ ሲጫኑት የሚመለሰውና ሙቀት የማያሳልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ንጣፉ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለደሴ ብርድ የሚመች ነው። ካርቶኑን በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ያህል አሳድረው ከክፍሉ አየር ጋር ካስማሙት በኋላ፣ ፍጹም በደረቀና በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ ያንጥፉት፤ እርጥብ ወለል ላይ የተለጠፈ ቡሽ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የቡሽ ምርት ለአካባቢ ተስማሚ እንደሆነና የቡሽ ዛፍ ያለባቸው የፖርቱጋልና የስፔን መሬቶች ለዘላቂ የመሬት አያያዝ አብነት እንደሚሆኑ በተለያዩ ጽሑፎች አነባለሁ። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? የፕላስቲክና የቆርቆሮ ክዳን ከመጣ ወዲህ ቡሽ ባይመረት ዛፎቹ የበለጠ ያርፉ አልነበረምን?

መልስ፦ ከመጨረሻው ነጥብ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ነገሩን የሚመለከተው በዚሁ መንገድ ነውና። የቡሽ ዛፍ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በድምሩ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ከዚህም አንድ ሦስተኛ ያህሉ በፖርቱጋል የሚገኝ ሲሆን፣ አገሪቱ ከዓለም የቡሽ ምርት ግማሽ ያህሉን ታቀርባለች። መሬቱ በአብዛኛው የግል ይዞታ ነው። ባለ ይዞታው ዛፉን የሚጠብቀው ቆሞ ሳለ ገንዘብ ስለሚያስገኝለት ነው። የቡሽ ገበያ ቢጠፋ ዛፉ አያርፍም፤ በቦታው ባሕር ዛፍ ወይም በመስኖ የሚለማ ሌላ ተክል ይተካበታል፣ አለዚያም መሬቱ ተትቶ ቁጥቋጦ ይወርሰውና የእሳት መነሻ ይሆናል። የቡሽ ዛፍን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በፖርቱጋል ለባለቤቱም ቢሆን የተከለከለ ነው፤ በ2011ም ብሔራዊ ዛፍ ተብሎ ታውጇል። ሆኖም ዛፉን አለመቁረጥ አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ችግኝ ማሳደግ ደግሞ ሌላ ድካምና ሌላ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ይህን ደግሞ ሕግ ብቻውን አያደርገውም።

የቡሽ ገበያ ከዚህ በፊትም ተፈትኗል። ዛሬ በቢራና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ የምናየው ጥርሳም የቆርቆሮ ክዳን በ1892 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ሲሰጠው ከውስጡ ስስ የቡሽ ክብ ይለጠፍበት ነበር፤ ኋላ ግን ይህ ሥራ ሁሉ ለፕላስቲክ ተላልፏል። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ ቡሾች የወይን ጠጅ ላይ የሻገተ ሽታ የሚያመጣ ኬሚካል ስላላቸው፣ በተለይ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጠማቂዎች ወደ ተጠምዛዥ የቆርቆሮ ክዳን ዞሩ። የቡሽ ፋብሪካዎች ቡሹን የሚቀቅሉበትንና የሚያጸዱበትን መንገድ አሻሽለው ገበያውን ባይከላከሉት ኖሮ የብዙ ሺህ ሄክታር ዛፍ ዕጣ አጠራጣሪ በሆነ ነበር።

መሬቱ አብነት ነው የሚባለው ስለ ቡሹ ብቻ አይደለም። ፖርቱጋሎች ሞንታዶ፣ ስፔኖች ዴሄሳ የሚሉት ይህ የመሬት አያያዝ በባለሙያዎች ቋንቋ ጥምር ደን እርሻ የምንለው ነው። ዛፎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ሣር ይበቅላል ወይም በየጥቂት ዓመቱ አጃና ስንዴ ይዘራል፤ በጎችና ከብቶች ይግጣሉ፤ በመኸርና በክረምታቸው ከዛፎቹ የሚረግፈውን ፍሬ ጥቁሮቹ አሳማዎች እየለቀሙ ይሰባሉ። ማር፣ እንጉዳይና የማገዶ ጭራሮም ይገኛል፤ ቀድሞ የንብ ቀፎው ራሱ ከቡሽ ይሠራ ነበር። ለመጥፋት ተቃርቦ የነበረው የአይቤሪያ ሊንክስ የተባለው የዱር ድመትና የስፔን ንጉሣዊ ንስርም ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለጌጥ አይደለም፤ ገበሬው ዘጠኝ ዓመት ሊታገሥ የቻለው ከዛፉ ሥር በየዓመቱ የሚያገኘው ስላለ ነው። ይህ ሁሉ ባይኖር ኖሮ የዘጠኝ ዓመቱ ሕግ ወረቀት ላይ ብቻ በቀረ ነበር የሚል እምነት አለኝ።

ይሁን እንጂ ባህላዊ የሆነ ሁሉ በራሱ ዘላቂ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ፖርቱጋል በ1929 በጀመረችው የስንዴ ዘመቻ የቡሽ ዛፎች የቆሙበት ብዙ መሬት በጥልቀት ታርሶ የዛፎቹ ሥር ተጎድቷል፤ አፈሩም ታጥቧል። በትራክተር የሚጎተት ማረሻ ዛሬም ችግኙን ከነሥሩ ይነቅላል። ከብት በዝቶ ሲሰማራ ቡቃያው ሁሉ ስለሚበላ አንዳንዱ ቦታ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ የቀሩበት፣ ወራሽ የሌለው መሬት ሆኗል። ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስባሽ ተሕዋስም ከተደጋጋሚ ድርቅ ጋር ተባብሮ ዛፎቹን እያደረቀ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በወረቀት ፋብሪካ ገበያ ተስቦ በ2015 በተካሄደው አገራዊ የደን ቆጠራ ከ800,000 ሄክታር በላይ በመሸፈን የቡሽ ዛፍን በልጦ ተገኝቷል። በ2017 ፔድሮጋዎ ግራንዴ በተባለው አካባቢ፣ ባሕር ዛፍና ጥድ በሸፈነው መሬት ላይ የተነሣው ሰደድ እሳት 66 ሰዎችን ከገደለ በኋላ አዲስ የባሕር ዛፍ ተከላ በሕግ ተገድቧል። በአንጻሩ የቡሽ ዛፍ ወፍራም ቅርፊቱ ስለሚከላከልለት ቅጠሉ ቢቃጠል እንኳ ከዚያው ከቅርንጫፎቹ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከዚህ ጋር በአገራችን ልናነጻጽረው የሚገባ ነገር አለ፤ እርሱም የዕጣን ዛፍ ነው። በመተማና በቋራ፣ በዋግ ኽምራም አበርገሌ የዕጣን ዛፍ አይቆረጥም፤ ቅርፊቱ በመንጋፍ እየተፋቀ የሚፈሰው ሙጫ ይለቀማል። ሲታይ ከቡሽ ጋር አንድ ይመስላል። ነገር ግን ያው ቁስል በበጋው ወራት በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ ደጋግሞ ይታደሳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ይቀጥላል። ለዓመታት ያለ ዕረፍት የተፋቀ ዛፍ የሚሰጠው ዘር ጥቂትና ደካማ እንደሚሆን ጥናቶች አሳይተዋል፤ በብዙ ቦታም ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው ወጣት ዛፍ አይገኝም። ሁለቱም ዛፎች ሳይቆረጡ ጥቅም የሚሰጡ ናቸው፤ አንደኛው ግን ዕረፍቱ በሕግ የተጠበቀለት ሲሆን፣ ሌላው ዕረፍት የለውም። በጥናትሽ ወይም በጥናትህ ልትገፋበት የምትሻ ጥያቄ ካለህ፣ በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ አታገኝም።

ጥያቄ፦ በቃሉ ወረዳ ገበሬ ነኝ። ሁለት ቦታ የተከፈለ ማሳ አለኝ፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ጋራው ሥር ነው። ጎረቤቶቼ ጋራውን ባሕር ዛፍ ተክለውበት በጥቂት ዓመት አጣና እየሸጡ ነው። ልጄ ስለ ቡሽ ዛፍ ሰምቶ «ይህን ብንተክል ይሻላል» ይለኛል። ዛፉ በእኛ አገር ይበቅላልን? ምንስ ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ የልጅዎ ሐሳብ የሚመሰገን ነው፤ የቡሽ ዛፍን ግን አልመክርዎትም። ይህ ዛፍ የለመደው ዝናብ በብርዱ ወራት የሚዘንብበትንና በጋው ደረቅ የሆነበትን የሜድትራኒያን አየር ንብረት ነው። ፖርቱጋሎች በደረቁ ሐምሌና ነሐሴ ቡሽ ሲልጡ ቃሉ ላይ ጋራው በክረምት ዝናብ ይታጠባል። በተጨማሪም የቡሽ ዛፍ ኦክ ከሚባለው የዛፍ ወገን ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅል የኦክ ዝርያ የለም። ዛፉ በቅሎ ቢቆም እንኳ ገዢና ላጭ በሌለበት አገር የመጀመሪያውን ቡሽ ለማየት 25 ዓመት መጠበቅ ለአንድ ገበሬ ከባድ ነው። ከዚያ አገር መውሰድ የሚገባን አያያዛቸውን ነው፤ ለእርሱ የሚሆን ዛፍ እኛም አለን።

ለሜዳው ማሳዎ ገርቢ የሚሉትን የግራር ወገን ያስቡ። ብዙ ዛፎች ዝናብ ሲመጣ ቅጠል ሲያወጡ፣ ገርቢ በተቃራኒው በክረምት ያራግፋል፤ ስለዚህ ማሽላዎንና ጤፍዎን አይጋርድም። ከሥሩ ያለው አፈር በሚረግፈው ቅጠልና ሥሩ ከአየር በሚይዘው ናይትሮጅን ይዳብራል፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ደግሞ ፍሬውን ከብቱ ይበላዋል። በኒጀር የሚኖሩ ገበሬዎች በማሳቸው በራሱ የሚበቅለውን ይህን ዛፍና ሌሎችንም ባለመንቀላቸው ብቻ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር በዛፍ ሸፍነዋል። በአገራችንም ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ 2,700 ሄክታር የሚያህል የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደርጎ፣ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይሆን ከአፈር በታች በሕይወት የቆዩ ጉቶዎች ያቆጠቆጡት ቡቃያ ተገርዞ ደን ሆኗል። ወሎ ውስጥ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ የተከለሉትን ጋራዎች ያየ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም። የየጎፍን ደን ከኮምቦልቻ ቀና ብሎ ለሚያይ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየሐሪማው ዙሪያ የቆሙትን ወይራዎችና ጽዶች ለሚያውቅ ሰው፣ መሬታችን ምን ማብቀል እንደሚችል ማስረጃ አያስፈልገውም።

ስለ ባሕር ዛፍ በቅንነት ልንገርዎት። ፈጽሞ አይትከሉ አልልዎትም፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሰጠውን ጥቅም ችላ ብሎ የሚመክር ሰው የገበሬን ኑሮ አያውቅም። ነገር ግን ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከጎረቤት ማሳ ያርቁት፤ ሥሩ የሰብሉን ውሃ ስለሚሻማ በብዙ ቦታ የጠብ ምክንያት ሆኗልና። ጋራው ሥር ካለው መሬት ከፊሉን ለባሕር ዛፍ ሰጥተው፣ የቀረውን ዋንዛ፣ ብሳናና ወይራ ቢያደርጉት ባሕር ዛፉ የዋንዛውን የጥበቃ ዓመታት ይሸፍንልዎታል፤ ፖርቱጋሎች በአሳማውና በበጉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዋንዛና ብሳና ንብ የሚወደው አበባ ያላቸው በመሆናቸው ከዛፎቹ ሥር የሚቀመጡ ቀፎዎች እንጨቱ ሳይደርስ ማር ይሰጡዎታል፤ ሣሩንም አጭደው ለከብት ይሰጣሉ እንጂ ችግኙ ከከብት አፍ በላይ ሳያድግ አይልቀቁበት። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የጌዴኦ ሕዝብ ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን በአንድ መሬት ላይ አደራርቦ የያዘበት መልክዓ ምድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያም የተሠራው በእንዲህ ዓይነት በየዓመቱ የሚገኝ ገቢ ነው።

አንድ ሥጋት እንዳለዎት እገምታለሁ። ብዙ ገበሬዎች አገር በቀል ዛፍ ለመትከል የሚያመነቱት፣ ነገ ለመቁረጥ ፈቃድ ስንጠይቅ እንጉላላለን ብለው ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ዛፍ አሳዳጊን የሚያጉላላ አሠራር የዛፍ ጠላት እንደሆነ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት በይዞታ ደብተርዎ ላይ መሬቱ በስምዎ በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ የሚተክሉትን የዛፍ ዓይነትና ብዛትም በቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዘንድ በጽሑፍ ያስመዝግቡ፤ አንድ ቅጂ ለልጅዎ ያስቀምጡለት።

ሥራውን በዚህ ዓመት ለመጀመር ከፈለጉ፣ ሲያርሱ በማሳዎ ውስጥ በራሳቸው የበቀሉትን የገርቢ ቡቃያዎች አይንቀሉ፤ በሬው እንዳይረግጣቸው በአጠገባቸው እንጨት ተክለው ምልክት ያድርጉባቸው፤ ዙሪያቸውንም በእሾህ ይጠሩላቸው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቡቃያ ከወጣ ቀጥ ያለውንና ጠንካራውን አንዱን አስቀርተው ሌላውን ይግረዙት። ቡቃያ በማይገኝበት ቦታ ዘር የሚዘሩ ከሆነ፣ የገርቢ ዘር ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ነክረው ውሃው እየቀዘቀዘ እንዲያድር ካደረጉት በኋላ ይዝሩት፤ ዋና ሥሩ ፈጥኖ ወደ ታች ስለሚወርድም ችግኙን ሳያቆዩ፣ ሐምሌ ላይ አፈሩ በደንብ እንደራሰ ወደ ማሳው ያዛውሩት።